ነፋሱን የመዘኑት ጋሼ ይሁኔ

ጋሼ ይሁኔ ማረፋቸውን የሰማሁት ከቡሬ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ አፍ ነው። መንገዱ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ በተከፈተ ማግስት፣ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ተራ አስከባሪው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ለሾፌሩ፣ «ያ የነፋሱ ሰውዬ ሞቱ አሉ» አለው። ሾፌሩ የትኛው እንደሆኑ ሲጠይቀው፣ «ጥድ አፋፍን በነፋስ የሸወዱት ናቸዋ» ብሎ መለሰለትና ተሳፋሪ መጥራቱን ቀጠለ።

ከሚኒባሱ ወረድኩ። ወዲያው ግን ወደ ለቅሶው አልሄድኩም፤ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ብዙ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ቁጥር ሳይዋሹ የኖሩ ሰው፣ ሞታቸው የተነገረው «የሸወዱት» ተብሎ ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሌላ ሰው ነው። ያጸናሁት ግን እኔ ነኝ።

ጋሼ ይሁኔ የአየር ሁኔታ ተመልካች ነበሩ። ከቡሬ ከተማ ጫፍ፣ በሽቦ በታጠረች ግቢ ውስጥ በአራት እግር የቆመች ነጭ የእንጨት ሳጥን፣ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮና በረጅም ብረት ጫፍ ላይ ነፋስ የሚያሽከረክራቸው ሦስት ጽዋዎች ነበሩ። በጠባቧ ቢሮ ግድግዳ ላይ ደግሞ የአየር ግፊት መለኪያ ተሰቅሏል። እሳቸው ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቀትር ላይና በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ዞረው ያነባሉ፣ ይመዘግባሉ። ሙቀት መለኪያውን ሲያነቡ የአፋቸው ሙቀት እንዳይነካው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። የሰፈሩ ሰው ይህን እያየ፣ ጋሼ ይሁኔ ከሳጥኑ ጋር ምስጢር አላቸው እያለ ይስቅባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁና በዘጠኝ ሰዓት ተመልሰው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

እኔ ያን ጊዜ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። በየወሩ መጨረሻ የዝናቡን ቁጥር ልገለብጥ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ረጅም ናቸው፣ ቀጠን ያሉ፤ ክረምት ከበጋ አንዲት ካኪ ኮት አትለያቸውም። ትምህርታቸው ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። ይሁንና አንድ ነገር ስጠይቃቸው መጀመሪያ «አይቼዋለሁ» ወይም «ሰምቼዋለሁ» ብለው ለይተው ነው የሚነግሩኝ። ሁለቱን ቀላቅለው ሲናገሩ አንድም ቀን አልሰማሁም።

አንድ ጊዜ የቆየ መዝገብ ሳገላብጥ በመጋቢት ወር ሦስት መስመሮች ባዶ ሆነው አየሁ። በሌላው ገጽ ሁሉ ክፍተት የሚባል የለም። ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ልጃቸውን የቀበሩበት ሰሞን ነበር። አለቃቸው በኋላ መጥቶ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቁጥሮች አይተው መሃሉን በግምት እንዲሞሉት አዟቸው ነበር። አልሞሉትም።

«ያላየሁትን አልጽፍም» አሉኝ። «በዚያን ቀን ይዝነብ አይዝነብ አላውቅም። ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር።»

አየር ክብደት እንዳለው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በርግጥ ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ለፈተና ጽፌ ረሳሁት። እሳቸው ግን ከግቢያቸው ማዶ፣ አንድ ገበሬ አውድማ ዳር የቆመውን የጭድ ክምር አሳዩኝ። ከክምሩ ሥር ያለው ጭድ የላዩ ሸክም ስለሚጫነው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከጫፉ ያለው ግን የሚጫነው ስለሌለ ልል ነው። አንድ እቅፍ ከሥሩ፣ አንድ እቅፍ ከጫፉ ብታነሳ እቅፉ እኩል ነው፣ ክብደቱ ግን አይገናኝም። አየርም እንዲሁ ነው አሉኝ። ቆላ ያለው አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ደጋ ያለው ሳሳ ያለ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። ይህን ሲነግሩኝ የግድግዳውን መለኪያ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

ጥድ አፋፍ ከቡሬ በብዙ ከፍ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ውኃው ከገደሉ ሥር ካለ ምንጭ ነው የሚቀዳው። ሴቶቹ ጄሪካን አዝለው ሲወርዱ ጠዋት፣ ሲመለሱ ቀትር ይሆናል። አንድ ረጂ ድርጅት ለዚህ መንደር የነፋስ ተርባይን ሰጠ። ነፋስ ክንፎቹን ሲያዞር ኤሌክትሪክ ይወጣል፣ በዚያ ኃይል ፓምፑ ውኃውን ከምንጩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለ ታንከር ይገፋል፤ አሳቡ ይህ ነበር። የነፋሱን ፍጥነት እንዲለኩ ጋሼ ይሁኔ ተጠየቁ። አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ መለኪያቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወጡ። ጥሩ ነፋስ አለ ብለው ጻፉ። እውነት ነበር፤ ነፋሱስ ነበረ።

ነገሩ የተበላሸው የተርባይኑ ወረቀት ሲደርስ ነው። ነፋሱ ይህን ያህል ሲሮጥ ይህን ያህል ኃይል ይገኛል የሚል ሠንጠረዥ ነበረው። መሥሪያ ቤታችን ፓምፑንም፣ የታንከሩንም ከፍታ የመረጠው በዚያ ሠንጠረዥ ነው። ጋሼ ይሁኔ ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡና ከግርጌው በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር አሳዩኝ። ሠንጠረዡ የተሠላው በባሕር ጠርዝ ላለ አየር ነው ትላለች።

በማግስቱ ስብሰባችን ላይ ሳይጠሩ መጡ። በዚያ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠርዝ ካለው ከሩብ በላይ ቀሎ እንደሚገኝ፣ ክንፉን የሚገፋውም ኃይል በዚያው ልክ እንደሚጎድል ተናገሩ። ወይ ክንፉ ይተለቅ፣ ወይ ታንከሩ ዝቅ ብሎ ይተከል አሉ። ከኮታቸው ኪስ አንድ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ። ጥድ አፋፍ ላይ ውኃውን ጠጥተው ክዳኑን አጥብቀው የዘጉት ነው። ቡሬ ሲደርሱ የታችኛው አየር ተጭኖት ጎኑ ገባ ብሏል።

«ነፋሱ ይሮጣል» አሉ። «የሚሮጠው ግን ልል ጭድ ተሸክሞ ነው። ፍጥነቱን ብቻ አይታችሁ አትመኑት።»

ኃላፊያችን ጠርሙሱን አንስቶ አገላበጠው። ወጣት ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። «ለባሕር ጠርዝ ከተሠላማ ምን ችግር አለው» አለ፤ «ባሕር ዳር እንደሆን ጎረቤታችን ነው።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጋሼ ይሁኔ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ጠርሙሱን መልሰው ኪሳቸው ከተው ወጡ።

በሳምንቱ ሁለት ገጽ ደብዳቤ በእጄ ሰጡኝ። የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ብራና ጽሑፍ ነበር፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። በቃል ያልኩት ሳቅ ሆኖ ቀርቷል፣ በወረቀት ከሆነ ምናልባት ያነቡታል አሉኝ። ለኃላፊያችን አስገባሁለት። ጥቂት መስመር አንብቦ የምረቃው ቀን ለዞን መነገሩን፣ እንግዶችም መጠራታቸውን አስታወሰኝ። ከዚያ ደብዳቤውን መለሰልኝና፣ «መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቆይ» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። የቋሚነት ደብዳቤዬ እሱ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበር። የጋሼ ይሁኔን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ምረቃው ባለፈ በሳምንቱ አውጥቼ ቀደድኩትና ሽንት ቤት ጣልኩት።

የምረቃው ዕለት ያገሬው ሰው ነጭ ለብሶ ወጣ። አብዛኛው በአጨዳ ሰሞን እህሉን ትቶ ቦይ ሲቆፍር፣ ቧንቧ በትከሻው ሲያወጣ የከረመ ነው። ቄሱ ባረኩ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ክንፎቹ ሲዞሩ እልል ተባለ። ያምራሉ፤ ሲዞሩ እውነት ያምራሉ። ሴቶቹ ታንከሩ ሥር ጄሪካናቸውን ደርድረው ጠበቁ። አንዳንዱ ቧንቧው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሰዓት አለፈ። ውኃ አልመጣም።

ጋሼ ይሁኔ ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ነበር። ማንም ሳያያቸው ወደ ቧንቧው ሄዱና መዳፋቸውን አሳርፈውበት ቁልቁል ይራመዱ ጀመር። ተከተልኳቸው። ፀሐይ ያሞቀውን ብረት እየዳሰሱ ብዙ ከወረዱ በኋላ አንድ ቦታ ቆሙ። እጄን ይዘው ቧንቧው ላይ አሳረፉት፤ ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል። ውኃው እዚያ ድረስ ወጥቶ ቆሟል። ክንፎቹ ከላያችን ይዞራሉ፣ ፓምፑ ከታች ያቃስታል፣ ከዚያች ቦታ ግን አንድ ክንድ አይጨምርም። ጋሼ ይሁኔ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱና እዚያው ምልክት አኖሩ። ነግሬያችሁ ነበር አላሉም። ወደ ላይ፣ ጄሪካን ደርድረው ወደሚጠብቁት ሴቶች ብቻ ተመለከቱ።

ኃላፊያችን ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ገና ይለማመዳል ብሎ ሕዝቡን ሸኘ። ማሽኑ አልተለማመደም። ነፋሱ እጅግ ሲበረታ ጥቂት ጄሪካን ይሞላል፣ ሌላውን ቀን ታንከሩ ደረቅ ነው። ክረምት ገባ። የቧንቧው ቦይ የተቆፈረው በሴቶቹ የመውረጃ መንገድ ላይ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ተናደ። አትጠገብ የምትባል የሁለት ልጆች እናት ሙሉ ጄሪካን እንዳዘለች ተንሸራታ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። የጥድ አፋፍ ሰዎች በቃሬዛ አውርደው ቡሬ ካሳከሟት በኋላ፣ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ተቀመጡ። አልጮሁም። ሦስት ቀን ዝም ብለው ተቀመጡ።

ረጂው ድርጅትም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠየቀ። ያን ጊዜ ነው ኃላፊያችን፣ የነፋሱ ልክ ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነበር ብሎ የጻፈው። ልኩን የሰጡት ጋሼ ይሁኔ ናቸው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

መዝገባቸውን አስመጡ። ገጽ በገጽ ሲያገላብጡ ውለው ያገኙት ነውር እነዚያን ሦስት ባዶ መስመሮች ብቻ ነው። ሥራውን ጥሎ የሚጠፋ ሰው ልኬቱ እንዴት ይታመናል ተባለ። ጋሼ ይሁኔ በዚያን ሰሞን የት እንደነበሩ ሲጠየቁ፣ መቃብር ቦታ ነበርኩ ብለው መለሱ፤ የማን መቃብር እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ስለ ነፋሱ ተናገሩ። ፍጥነቱ ልክ ነው፣ አሁንም ሄዳችሁ ለኩት፤ የጎደለው የአየሩ ክብደት ነው፤ ይህንንም አስቀድሜ በጽሑፍ አስታውቄያለሁ አሉ። ሰብሳቢው ደብዳቤው በመዝገብ ቤት እንደሌለ ነገራቸው።

«በእጁ ነው የሰጠሁት» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «እሱ ራሱ ይመሰክራል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኃላፊያችን እስክሪብቶውን እያገላበጠ ያያል። የጋሼ ይሁኔ ፊት ላይ ግን ሥጋት የሚባል አልነበረም፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወጣ ቁጥር የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። ፈጽመው አልጠረጠሩኝም።

«አላስታውስም» አልኩ።

ጋሼ ይሁኔ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩኝ፤ ያን ሳጥናቸውን ሲያነቡ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ሰብሳቢውን፣ እንግዲህ የምጨምረው የለኝም ብለው ተቀመጡ።

ከተመልካችነት ተነሥተው ፍኖተ ሰላም ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። በምትካቸው የመጣው ልጅ የሦስት ቀኑን ቁጥር ባንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ። የሱ መዝገብ ላይ ባዶ መስመር አይገኝም። እኔም ቋሚ ሆንኩ።

በዚያው ሰሞን ባለቤታቸውን እትዬ ዘነበችን ቡሬ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ልሸሻቸው ስል ቀድመው አዩኝ። ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ ጤናዬን ጠይቀው፣ የቤተሰቤን ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ፣ «እኔንስ ታስታውሰኛለህ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልጠበቁም። የሸመቱትን በርበሬ አንሥተው ሄዱ።

ጋሼ ይሁኔን ያገኘኋቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ። ያችው ካኪ ኮት ሰፍታቸዋለች። እኔ ከማየቴ በፊት እሳቸው መጥተው ጨበጡኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ነገር ነበረኝ፤ ከአፌ አልወጣም። እሳቸውም ቦታ አልሰጡኝም። መጀመሪያ የጠየቁኝ አትጠገብ ቆማ መሄድ መቻሏን ነው። በምርኩዝ ትሄዳለች አልኳቸው። ውኃው ወጣላቸው ወይ አሉኝ። አልወጣም አልኩ።

እጄን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ድንጋይ ያኖርኩበትን ታውቀዋለህ። ታንከሩን ከዚያ በታች ትከሉት። ሴቶቹ ገደሉን እስከ ሥሩ ከመውረድ ይድናሉ፤ የቀረውን ይወጡታል።» እጄን ጠበቅ አድርገው ጨመሩ። «እኔ ያልኩት ነው አትበል። የኔ ስም ካለበት አይሠሩትም። ራስህ ያሰብከው አድርገህ አቅርበው።»

አቀረብኩት። ራሴ ያሰብኩት አድርጌ፣ ንድፍ ሠርቼ፣ ቁጥሩን ከማስታውሰው ከሳቸው ደብዳቤ እየገለበጥኩ አቀረብኩት። ያን ጊዜ ሁሉን አስታውሼ ነበር። ኃላፊያችን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለነበር አዲሱ ወዲያው ተቀበለው። ታንከሩ ወርዶ ከድንጋዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተተከለ። በመጀመሪያው ቀን ውኃው ጢም ብሎ ሞላና በአፉ ፈሰሰ። ሴቶቹ አለቀሱ። ከዞን የመጡት ሰዎች በስሜ ጠርተው አመሰገኑኝ፣ በዓመቱም ቡድን መሪ ሆንኩ። የጋሼ ይሁኔን ስም አላነሣሁም። አታንሣ ብለውኛል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሥራው ካለቀ በኋላስ ማን ከለከለኝ?

ተርባይኑ አሁንም ይዞራል። ጥድ አፋፍ ስወጣ ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ይነሡልኛል። ጋሼ ይሁኔ ጡረታ ወጥተው ቡሬ መመለሳቸውን ሰምቼ ነበር፤ መታመማቸውንም ሰምቼ ነበር። ልጠይቃቸው አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ግን ከኔ ቤት እስከ እሳቸው ቤት ተዘግቶ አያውቅም።

ያን ቀን ከበረንዳው ተነሥቼ በመጨረሻ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እትዬ ዘነበች አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ቀብሩ ነገ መሆኑን፣ የሕይወት ታሪካቸውን እኔ ጽፌ እንዳነብ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከመሥሪያ ቤት ወገን የሚያውቃቸው አንተ ነህ አሉኝ፤ ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ላይ ደብዳቤውንም፣ ኮሚቴውንም፣ ታንከሩንም ጻፍኩ። በሁለተኛው ላይ የትውልድ ዘመናቸውን፣ ትምህርታቸውንና «በተመደቡበት ሥራ ሁሉ በታማኝነት ያገለገሉ» የሚለውን፣ ለሁሉም ሙት የሚባለውን ነገር ጻፍኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዤ የሄድኩት ሁለተኛውን ነው።

ፍትሐቱ አልቆ፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ካነበብኩ በኋላ ሰዉ መበተን ሲጀምር፣ ለዝምድና ከጥድ አፋፍ የወረዱ አንድ ሽማግሌ በሕዝቡ መሃል እየተገፉ መጡና ሁለት እጆቼን ያዙ።

«ሟቹስ እግዜር ይማራቸው፣ ቀልደውብን ነበር» አሉ። «አንተ ባትደርስልን ሴቶቻችን ገደል ለገደል ባለቁ። ውኃ ያጠጣኸን፣ እሱ የሕይወት ውኃ ያጠጣህ። ስምህን ከመቃብር በላይ ያውለው።»

እትዬ ዘነበች ከአጠገባችን ቆመዋል፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እንዲናገሩ ፈለግሁ፤ እኔ ያቃተኝን እሳቸው ቢያወጡት እገላገል ነበር። ሽማግሌው እጆቼን እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

«አሜን በል እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይመርቁሃል እኮ።»

አሜን አልኩ።